«ወፈርሽ» ምርቃት በነበረበት ዘመን

በሪያድ በጋ፣ በተቆለፈ መኪና ውስጥ ሁለት ቀን የከረመ የዱቄት ወተት ምን ዓይነት ሽታ እንደሚያወጣ የማያውቅ ሰው ካለ፣ አላህ ያንን ዕውቀት እንዲያዘገይለት እለምንለታለሁ። እኔ ግን ዐወቅሁት። በበጋው መግቢያ አንድ ማለዳ የመኪናዬን በር ስከፍት ሽታው ፊቴን መታኝ፤ ወደ ኋላ አፈገፈግሁና ግንቡን ተደግፌ ቆምሁ። አንጀቱ ደካማ ነው የሚለኝ እንዳይኖር ልናገር፤ በአንድ የጭማቂ ፋብሪካ ላቦራቶሪ ውስጥ ጸጉሬ እስኪሸብት ድረስ የተበላሸ ማንጎና የኮመጠጠ ጉዋቫ እያሸተትሁ የኖርሁ ሰው ነኝ። በወጣትነቴ ኬሚስትሪ ያስተማሩኝ መምህራንም አፍንጫን ከስሜት ለይቶ መጠቀምን አሠልጥነውኛል። ይህ ግን ሌላ ነበር፤ ቫኒላ የተቀባ በድን። ከፊት ወንበር ሥር ተንከባልሎ ያገኘሁት፣ ውስጡ የሽቦ ኳስ የሚንኳኳበት ጥቁር የፕላስቲክ ጠርሙስ የልጅ ልጄ የሰልማ ነበር። እስከ አንገቱ ሙሉ ነው። ያስቆጣኝ ሽታው ነበር፤ ሊያስደነግጠኝ ይገባ የነበረው ግን ሙሉነቱ ነው።

ሰልማ የሴት ልጄ ልጅ ናት፤ እዚሁ ሪያድ ተወልዳ መላዝ ሠፈር ውስጥ ያደገች፣ ዛሬ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ። እናቷ በዑለያ ካሉት ፎቆች በአንደኛው ቢሮ ስለምትውል፣ ማለዳ ማለዳ ልጅቱን ወደ መሮጫው መንገድ የማደርሳት እኔ ነኝ። ዐረብኛዋ ይንቆረቆራል፤ አማርኛዋ ግን በየድንጋዩ ይሰናከላል። ሰዋስው ላስተምራት ሞክሬ ነበር። የአገሬ ልጅ ሁሉ ባለቤትና ተሳቢ የለየበትን «አበበ በሶ በላ» የሚለውን ዓረፍተ ነገር ስጽፍላት፣ «አባባ፣ አበበ ማን ነው? በሶስ ምንድን ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። ባለቤቱንም ተሳቢውንም የማያውቅ ተማሪ ምን ይደረጋል? ግሡን ብቻ ይዛ ቀረች። እሱንም ቢሆን ዘንድሮ ከዒድ በኋላ ተወችው።

የዒዱ ዕለት ቤታችን ሞልቶ ነበር። የሟች ባለቤቴ የእህቷ ልጅ ዘሐራም መጥታለች። ዘሐራ በአንድ ቤተሰብ ዘንድ እያደረች የምትሠራ የወሎ ሴት ናት፤ ለበዓል ካልሆነ ፈቃድ ስለማታገኝ የምናያት ከዒድ ወደ አረፋ ነው። ገና አባያዋን ሳታወልቅ ሰልማን አቅፋ፣ ከዚያም በሁለት እጇ ገፋ አድርጋ አየቻትና፣ «ውይ ማሻአላህ! ወፈርሽ እኮ! ጉንጭሽን እዩልኝ! አላህ ከዓይን ያውጣሽ!» አለች። ሁላችንም ሳቅን። ሰልማም ፈገግ አለች። በእጇ የያዘችውን ሥጋ ወደ ሳህኑ መልሳ ጣቶቿን ስትጠርግ አይቻታለሁ፤ የጠገበች መስሎኝ ነበር።

ከዚያ ወዲህ የገበታዋ ነገር ለዓይን የሚቀፍ ሆነ። ያለ ጨው የተቀቀለ የዶሮ ደረት፣ ነጭና እርጥብ፣ ዕቃ ሲታጠብበት የዋለ ስፖንጅ የመሰለ። አስኳሉ ተለይቶ የተጣለ ዕንቁላል፣ ነጩ ብቻ ሳህን ላይ እንደ ንፍጥ የሚንቀጠቀጥ። ደግሞም ባልዲ የሚያክል ዕቃ ሙሉ፣ በጠርሙስ ተመትቶ የሚጠጣ ዱቄት፣ በላዩ ራስ የሌለው የሰው ጡንቻ የተሳለበት። የእያንዳንዷን ጉርሻ ልክ በስልኳ ትመዘግባለች፤ ስልኩም እንደ ቃዲ ይፈርድባታል። በየማለዳው ትሮጣለች፤ ወደ ቤት ተመልሳ ያንን ስፖንጅ ሁለት ጊዜ ታኝክና ትነሣለች። «ብዪ እንጂ» ስላት፣ «ራብ የለኝም አባባ» ትለኛለች፤ ራብ ልክ በኪስ የሚያዝ ይመስል።

ወደዚህ ሃይማኖት ያስገባት ከበላያችን ፎቅ የሚኖረው ናስር ነው ብዬ ጠረጠርሁ። ወላጆቹ እንደ እኛው ከኢትዮጵያ የመጡ፣ ክንዱ ከእኔ ጭን የሚወፍር ጎረምሳ ነው። አንድ ቀን ሊፍት ውስጥ አገኘሁት።

«ናስር፣ ይህች ልጅ ሩዝ የማትበላው ለምንድን ነው?»

«ጋሼ ይማም፣ ሩዝ ኸላስ! ጠላት ነው።»

«ጠላት? እኔን ከነቤተሰቤ ያኖረ ጠላት?»

«ወላሂ ጋሼ፣ አንተ የድሮ ሰው ነህ።»

«"አንተ" ያልኸኝን በአማርኛህ ድካም ይዤልሃለሁ። አንተስ ሩዝ አትበላም?»

«እኔማ እበላለሁ!» አለ ደንግጦ። «ካልበላሁ ብረቱን በምን አነሣዋለሁ? ዱቄቱ እኮ ከምግብ ላይ ነው። እሷ ብቻውን ነው እንዴ የምትጠጣው?»

ሊፍቱ ተከፈተ። እሱንም ቢሆን እንደማትጠጣው፣ መኪናዬ ውስጥ ሲፈላ የከረመው ጠርሙስ ኋላ ነገረኝ።

እኔም ሮጫለሁ። ዛሬ ከወንበር ስነሣ ጉልበቶቼ እንደ አሮጌ ማጠፊያ ሲንጫጩ የሰማ አያምነኝም እንጂ፣ በዩኒቨርሲቲያችን የረጅም ርቀት ቡድን ውስጥ ነበርሁ። የዚያን ዘመን ነገር፣ ማን ወጣ ማን ወረደ የሚለውን፣ ለታሪክ ጸሐፊዎች እተዋለሁ። እኔ የማስታውሰው ከጉልበት በታች እንደ ደወል የሚሰፋውን ሱሪያችንን፣ ማበጠሪያ የሚሰብረውን ጸጉራችንን፣ በዝናብ ጊዜ እግር ውስጥ የሚጮኸውን የሸራ ጫማችንን ነው። ከስድስት ኪሎ ወደ እንጦጦ በሚወጣው መንገድ ጥግ ላይ ከነበረችው ሻይ ቤት ሻይ በአሥር ሳንቲም፣ ትኩስ ፓስቲ በአምስት ሳንቲም ይገኝ ነበር፤ በሯ ላይ የተሰቀለው ሬዲዮ ያንኑ የፍቅር ዘፈን ከማለዳ እስከ ማታ ያንጎራጉራል፤ እኛም ቁልቁለቱን ስንወርድ እርምጃችንን በዘፈኑ ምት እናስተካክል ነበር። የመመገቢያ አዳራሻችንን ግን አላሞግሰውም፤ ውሸት በእርጅናም አያምርብኝም። የባቄላ ወጡ ላይ ነቀዝ ይንሳፈፍ ነበር። የወጥ ቤቱ የተቃጠለ ዘይት ሹራባችን ውስጥ ገብቶ ቤተ መጻሕፍት ድረስ ይከተለን ነበር። ሌላው ተማሪ አፍንጫውን ይዞ ሲያማርር፣ እኛ ሯጮቹ ነቀዙን በማንኪያ ጫፍ ወደ ዳር ገፍተን የጎረቤታችንን ሳህን በዓይናችን እንለካ ነበር። ሲቀፈን እንበላ ነበር፤ እየቀፈፈንም እንጨምር ነበር።

አሰልጣኛችን ሆዱ ከፊሽካው የሚቀድም ሰው ነበር። ሲሮጥ ያየው የለም፤ ስለ ሩጫ ግን ከእሱ በላይ የሚያውቅ አላጋጠመኝም። ቅዳሜ ቅዳሜ ከልምምድ በኋላ ከነላባችን ወደ አንድ እህል ነጋዴ መጋዘን ይወስደንና፣ ጆንያ በሚመዘንበት ትልቅ ሚዛን ላይ በየተራ ያቆመናል። የቀነሰውን፣ «መንገዱ በላህ! አንተ መንገዱን ብላው እንጂ!» ብሎ ያዋርደዋል። የጨመረውን ደግሞ፣ «ወፈርህ!» ብሎ ሲጮህ ቡድኑ ያጨበጭባል፤ የመጋዘኑ ተሸካሚዎች ሳይቀሩ ጆንያቸውን አውርደው ያጨበጭቡ ነበር። ከዚያ በባልዲ የተበጠበጠ በሶ ከማር ጋር ይቀርባል፤ በአንድ ጣሳ እየተቀባበልን እንጨርሰዋለን። ከመካከላችን ይሉኝታ ይዞት «በቃኝ» የሚል ከተገኘ፣ «በቃኝን ለሠርግ ቤት አቆየው፤ ዳገቱ ይሉኝታ አያውቅም» ይለዋል። የሰውነት ውፍረት ያን ጊዜ ነውር አልነበረም። ከሩቅ የመጣ ዘመድ «ወፈርህ» ካለህ፣ አልታመምህም፣ አልተጣልህም፣ የሚያስብልህ ሰው አለህ ማለቱ ነው። በዚያ መጋዘን ውስጥ ጭብጨባ ያገኘሁባት አንዲት ቅዳሜ ዲፕሎማዬን ከተቀበልሁበት ቀን ይልቅ ዛሬም ደረቴን ታሞቀዋለች።

ወደ ሪያድ ስመጣም ያንኑ ረሃቤን ይዤ መጣሁ። ያን ጊዜ የባጥሐ ገበያ ዛሬ ካለው የበለጠ ጠባብና የበለጠ ጯሂ ነበር። የካሴት ሱቆች በር ለበር ተያይዘው የሱዳኑን፣ የየመኑን፣ የእኛንም ዘፈን በአንድነት ይለቁታል፤ ከሁሉም ጩኸት በላይ የምድጃው ሰው «ታሚስ! ታሚስ!» ይላል። ታሚስ ከምድጃው ግድግዳ ላይ እየተላቀቀ የሚወጣ፣ ክንድ የሚያክል ሰፊ ቂጣ ነው። በጋዜጣ ተጠቅልሎ በአንድ ሪያል ይሰጥሃል፤ ፉሉን ከትልቁ የመዳብ ገንቦ በጭልፋ ይጨልፍልሃል። ሰው ሁሉ ቆሞ፣ ጣቱ እየተቃጠለ፣ የፖሊስተር ሱሪው ላይ ዘይት እየተንጠባጠበ ይበላ ነበር። ጋዜጣው ቂጣው ላይ ፊደሉን ይተው ነበር፤ እኛም ዜናውን አብረን ዋጥነው።

አሁን የዚህችን ከተማ አበላል ሳይ ምራቄን መዋጥ ያቅተኛል። የሰልማን እናት ለመውሰድ ዑለያ በሄድሁ ቁጥር ተመጋቢዎቹን በምግብ ቤቶቹ መስታወት ውስጥ አያቸዋለሁ፤ ቢጫ አይብ በትልቅ ማንኪያ እየተደፋበት ሳህኑ እንደ ቁስል ሲያዥ፣ ተመጋቢው ስልኩን ደቅኖ ያንን መዥጎድጎድ ይቀርጻል፤ ሁለት ጊዜ ነክሶ ይነሣል። በሠፈራችን የቆሻሻ ገንዳ ከነትሪው የተደፋ፣ ጠቦቱ ገና ያልተነካ ሩዝ አይቻለሁ፤ ድመቶቹ እንኳ ጠግበው አጠገቡ ተኝተዋል። በዚህች፣ ምግብ ከነሙቀቱ በሚጣልባት ከተማ ውስጥ፣ የእኔ የልጅ ልጅ አንዲት ቴምር በቢላዋ ለአራት ትከፍል ነበር። የቱ ይበልጥ እንደሚያቅለሸልሸኝ እስካሁን አልለየሁም።

ጠርሙሱን ካገኘሁ ከጥቂት ቀናት በኋላ፣ እንደ ወትሮው አግዳሚው ላይ ተቀምጬ ስጠብቃት፣ ሰልማ ከዛፎቹ ጥግ ብቅ አለች። አረማመዷ ልክ አልነበረም፤ በገመድ እንደተንጠለጠለ ባልዲ ትወዛወዛለች። ፊቴ ደርሳ «አባባ፣ ምድሩ ይዞራል» አለችና ንጣፉ ላይ ቁጭ አለች፤ ከዚያም በጎኗ ተዘረረች። ከንፈሯ አመድ መስሏል። ላነሣት ክንዷን ስጨብጥ ጣቶቼ በዙሪያው ተገናኙ። የእህል ተሸካሚዎች ያጨበጨቡልኝ ሰውዬ፣ ከገዛ ቤቴ የወጣችውን ልጅ አጥንት በመዳፌ ቆጠርሁ።

ሐኪሟ ቁጥብ ሴት ነበረች። «ይህች ልጅ መንገድ ላይ አይደለም የምትሮጠው፤ በራሷ ሥጋ ላይ ነው» አለችን። «ወይ ሩጫዋን የሚችል ምግብ ትብላ፣ ወይ ሩጫው ይቅር። እስከ አረፋ አትሩጥ። ከአረፋ በኋላ አያታለሁ፤ ካልጨመረች ለዘለቄታው የምከለክላት እኔ ነኝ።»

ሰልማ አለቀሰች። በሕመሙ አልነበረም። «ሩጫውን አትውሰዱብኝ» አለች በዐረብኛ፣ ደጋግማ። ለቅሶዋ ገብቶኛል። እናቷ በእሷ ዕድሜ ሳለች ሴት ልጅ በዚያ መንገድ ስትሮጥ ማየት የማይታሰብ ነበር፤ እናቷ የሮጠችው በቤታችን ኮሪደር፣ ከወጥ ቤት እስከ መኝታ ቤት ነው፤ የታችኛው ጎረቤት ጣራውን በመጥረጊያ እንጨት እስኪደበድብብን ድረስ። ሰልማ ያገኘችው ሰማይ ያለበት መንገድ ነው። ያንን ላለማጣት ስትል እንኳ ግን መብላት አልቻለችም። ማንኪያውን ታነሣዋለች፣ ታየዋለች፣ ታወርደዋለች። እናቷ ለመነቻት፤ እኔ ተቆጣኋት፤ ስለ ሰውነት ነዳጅ አንድ ሙሉ የኬሚስትሪ ትምህርት ሰጠኋት። በጥሞና አዳምጣኝ፣ «ሰሐ አባባ፣ ትክክል ነህ» ብላ ሳህኗን ገፋችው።

አረፋ ደረሰ። ዘሐራ በር ላይ ሰልማን ስታይ የያዘችውን ፌስታል መሬት ጣለችው።

«ውይ! ውይ ልጄን! ከሳሽ! ምን ነካሽ? ኧረ ከሳሽ!» ብላ ደረቷን መታች።

የሰልማ ፊት እንደ ፋኖስ በራ። «ሹክረን ኻልቲ! ወላሂ? በጣም ከሳሁ? አላህ ይባርክሽ!» ብላ አንገቷ ላይ ተጠመጠመች።

ዘሐራ እጇ አየር ላይ ቀረ። ከልጅቱ ትከሻ በላይ ወደ እኔ አየች። «ጋሼ፣ ምን ትላለች ይቺ? አመሰገነችኝ?»

«አመሰገነችሽ።»

«በምን ነገር?»

 ይህን ጊዜ የዒዱ ሳቅ፣ ወደ ሳህኑ የተመለሰው ሥጋ፣ የተጠረጉት ጣቶች በአንድ ጊዜ መጡብኝ። «ሰልማ» አልኋት፣ «ዘሐራ በዒድ ዕለት ምን ብላሽ ነበር?»

 መሬት መሬት አየች። «መቲና» አለች በመጨረሻ፣ ወፍራም የሚለውን በዐረብኛ።

«መቲና?» ዘሐራ ጮኸች። «እኔ? መቲናማ ማዳሜ መስታወት ፊት ቆማ ራሷን የምትሰድብበት ነው! ሙቼ ልገኝ ከአፌ አልወጣም!»

«ወፈርሽ አላልሽኝም? በሰው ሁሉ ፊት?» የሰልማ ድምፅ ተሰነጠቀ። «ሁሉም ሰው ሳቀ። አባባም ሳቀ።»

«ሳቅን እንጂ! ደስ ብሎን! ጋሼ፣ ይንገሯት እንጂ፣ እርስዎ የተማሩት!» እኔ አፌን ከመክፈቴ በፊት ግን ራሷ ቀጠለች። «ስሚኝ እህቴ። እናቴ አገር ቤት ስደውልላት መጀመሪያ የምትጠይቀኝ "ወፍረሻል?" ብላ ነው። "አዎ ወፍሬያለሁ" ካልኋት ያን ዕለት ትተኛለች። ካላልኋት አትተኛም። ወላሂ እየከሳሁም ብዬያታለሁ። ወፈርሽ ማለት ተመችቶሻል፣ ሰው አለሽ ማለት ነው። እኔ አንቺን ባይ፣ ይኸው አንዷ እንኳ ተመቻት ብዬ ነው ደስ ያለኝ።»

ሰልማ ረጅም ጊዜ አየቻት። «እና ከሳሽ?»

«ከሳሽማ ለቅሶ ነው!»

የተማርሁት እኔ እዚያው ቆሜ ነበር። በፊደል ሲጻፍ «ከሳሽ» ሁለት ነገር መሆኑን ማንም የአማርኛ አንባቢ ያውቃል፤ ሥጋሽ አለቀ ማለትም ነው፣ ክስ የምታቀርብ ሰው ማለትም ነው። የልጅ ልጄ ከዒድ እስከ አረፋ በመካከላችን ቆማ በሁለቱም ትርጉም ከሳሽ ነበረች፤ እኔ ደግሞ የስምና የግሥ መምህሯ፣ የዱቄቱን ሽታ ስረግም ነበር። ቃሉን የሰጠናት እኛ ነን፤ ትርጉሙን የሰጣት ይህች መስታወት የበዛባት ከተማ ናት። ለአንዲት ቃል ያለቀው ሥጋ ያንገበግበኛል።

ዘሐራ መሬት የጣለችው ፌስታል ውስጥ በመንገደኛ የተላከላት በሶ ነበር። ግማሹን ለሰልማ ትታላት ሄደች። ሰልማ ያን ዕለት እንደ ተረት ልጅ በአንድ ጊዜ ጠግባ አልተነሣችም፤ ያንን የሚጽፍ ሰው በልቶ የማያውቅ ነው። ግማሽ ሳህን በላች፤ በማግሥቱ ከግማሽ ትንሽ አለፈች፤ አንድ ቀን ደግሞ አለቀሰችና ምንም አልበላችም። ሐኪሟ ጋር ስንሄድ ሚዛኑ ላይ ቆመች፤ ሐኪሟ መነጽሯን አስተካክላ አየችና «ጥቂት ጨምራለች» አለች። እኔ አጨበጨብሁ። ብቻዬን፣ ጮክ ብዬ። ነርሷ ዞር ብላ በድንጋጤ አየችኝ፤ ሰልማ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። የእህል መጋዘኑን ታሪክ እቤት ነገርኋት። ሩጫው ለጊዜው በግማሹ ተፈቅዶላታል።

አሁን ማለዳ ማለዳ ከመንገዱ ስትመለስ ባጥሐ ወርደን ታሚስ እንገዛለን። አንድ ሪያሉ ድሮ ቀርቷል፤ ጋዜጣውም በነጭ ወረቀት ተተክቷል። እሷ ግን ያንን ጥቁር ጠርሙስ አልተወችም። በሶውን ከዚያ ቫኒላ ከሚሸት ዱቄት ጋር ቀላቅላ ትመታዋለች፤ ቀለሙ የክረምት ጎርፍ፣ ድምፁ የታነቀ ሰው ነው። አሰልጣኛችን ቢያይ ፊሽካውን ይውጥ ነበር። ትናንት መኪናው ውስጥ ከጎኔ ተቀምጣ እስከ ታች ጨለጠችው፤ ከንፈሯ ላይ የቀረውን በእጇ ጠረገችና፣

«አባባ፣ ሰልማ በሶ በላች» አለችኝ።

«ጠጣች» አልኋት። «ከተበጠበጠ ይጠጣል እንጂ አይበላም።»

ሳቀች። ባዶውን ጠርሙስ እግሬ ሥር ጣለችው፤ ሽታው ወዲያው ወደ ላይ ወጣ፤ መስኮቱን እስከ መጨረሻ ዝቅ አደረግሁ። ያንን ጠርሙስ አፍንጫዬን ይዤ የማጥበው እኔ ነኝ፤ ባዶ እስከ ሆነ ድረስ አጥበዋለሁ። ከዚያ የመኪናውን መስታወት ወደ ራሷ አዞረችና ጉንጮቿን አንድ በአንድ አየች።

«አባባ፣ ወፈርኩ?»

አዎ ብላት ምን ነበረበት? ዘሐራ ለእናቷ ትላለች። እኔ ግን በሚዛን የምዋሽ ሰው አይደለሁም። ጭብጨባ የሚገባው ለጨመረ ነው ተብዬ ነው ያደግሁት።

«ገና ነሽ» አልኋት።

ፊቷን አጨማደደች፤ በዐረብኛ አንድ ነገር አጉተመተመች። ከዚያ እጇን ወደ ታሚሱ ሰደደችና፣ ከሁሉም ወፍራም ከነበረው ከመካከሉ ገምሳ ወሰደች።